ያልላክሁላት ግጥም

…ከዘጌ ስንመለስ ነበር እንጂ ስንሄድ አልነበረም፤ ጀልባው ላይ የቡና ጆንያ ተጭኖ ነበርና። አንተ ጆንያውን ተደግፈህ፣ ፊትህን ለነፋሱ ሰጥተህ፣ ከኋላችን በሎሚ ዋጋ የምትከራከር አንዲት ሴት ስትሰማ ቆየህና «ይህች ሴት ቆንጆ ናት» አልኸኝ። በምን አወቅህ ብልህ «ስትናገር መጨረሻው ላይ አትቸኩልም» አልኸኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ጥርሳቸው ያለቀ፣ የልጅ ልጅ የታቀፉ ባልቴት ናቸው። አልነገርሁህም። አንተ ቆንጆዋን ይዘህ ባሕር ዳር ወረድህ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስናገር መጨረሻው ላይ እንዳልቸኩል እየተጠነቀቅሁ

ይኸው፣ አልጨረስሁትም። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ስደርስ ይቆማል።

ሙሌ፣ የቤቴ ሰው፣

ጥምቀት ሳይደርስ ተለየኸኝ፤ አሁን ክረምቱ ገብቷል። ሐይቁ ደፍርሷል። ሽታው ዓባይ ማዶ ድረስ፣ እዚህ ቤታችን ድረስ ይመጣል ትል ነበር። እኔ አይሸተኝም። ከሥራ ስመለስ ድልድዩ ላይ አፍንጫዬን ቀና አደርጋለሁ፤ የሚሸተኝ የባጃጅ ጭስ ነው።

በሕይወት ሳለህ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ምን ብዬ? አንተ ደቅ ደሴት ላይ ገና በልጅነትህ ኩፍኝ ዓይንህን ከወሰደው በኋላ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተህ በጣትህ ማንበብ የተማርህ ሰው ነህ። የእኔን ጽሑፍ አታነብም። ይህን እያወቅሁ መጻፌ፣ እውነቱን ልንገርህና፣ ትንሽ ደስ ይለኛል። እንግዲህ እኩል ነን። አንተም ይህን ሁሉ ዓመት እኔ የማላነበውን ነገር ዓይኔ እያየ ስትጽፍ ኖረሃል።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። አንተ እያለህ ወንበር ከቦታው አይነቃነቅም ነበር። እንግዳ ጠረጴዛውን አንድ ስንዝር ከገፋው፣ እሱ ሲሄድ እኔ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ፤ ጉልበትህ እንዳይመታ። ከአርባህ በኋላ ቁም ሣጥኑን ወደ መስኮቱ ወሰድሁት። ጠረጴዛውን መሀል አደረግሁት። እንደ ልቤ ሆንሁ ብዬ ነበር። አሁን መብራት በጠፋ ቁጥር ጉልበቴን የሚመታኝ እኔው ያንቀሳቀስሁት ጠረጴዛ ነው። ያንተ እግር ግን እስካሁን አይስትም፤ በአሮጌው መንገድ፣ ቁም ሣጥኑ በነበረበት ጥግ ዞሮ ሲሄድ አስበዋለሁ።

ከወረታ መጥታ አጥራችን ሥር ሱቅ የከፈተችው ዘሀራ እንደምታውቃት ናት። እኔን ለማሳቅ ሥራ ትፈታለች። አንድ ቀን ዝም ስልባት «ስንዱ፣ የሞተን ባል ማን ይወስድብሻል?» አለችኝ።

«ድምፅ» አልኋት።

«ድምፅ?» አለችና ሚዛኗን አስቀመጠች። «የእኔው ሰውዬ በድምፅ ብቻ ቢሄድብኝ ሰደቃ አወጣ ነበር።»

ቅዳሜ አሁንም አለ፣ ሙሌ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልክህን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈህ የምትገባበት የግጥም ንባብ። ፊትህ ወደ ስልኩ በትክክል እንዲዞር አገጭህን ይዤ የማስተካክልልህ እኔ ነበርሁ። ያ ሥራ የእኔ ነበር። ከዚያ ገለል እላለሁ፣ ግን አልርቅም። ማንም ወደ መድረክ ጠርቷቸው የማያውቅ ሰዎች ናችሁ፤ ግጥሟን በእጇ ምልክት የምትናገር መስማት የተሳናት ሴት፣ ታንኳ ከሚሠሩት ከወይጦ ቤተሰብ የወጣ ወጣት፣ ከወዲያ ከቆላው በገዛ ቋንቋው የሚገጥም አንድ ሰው፣ አንተ። ስልክ ባይኖር አንዳችሁ የሌላችሁን ደጃፍ አትረግጡም ነበር።

ደንባችሁ አንድ ነበር፤ የራሱን ግጥም ማንም አያነብም። ሰው ስለ እኛ ሲናገር ኖሯል፣ እንግዲህ አንዳችን በሌላችን አፍ እንናገር ብላችሁ ያወጣችሁት። ስትነግረኝ ደስ የሚል ነገር መስሎኝ ነበር። ዕጣ ተጣለ። ለአንተ መቅደስ ደረሰችህ።

የጎንደሯ መቅደስ። አስተማሪ፣ እንዳንተው ዓይነ ስውር፣ ከእኔ በብዙ የምታንስ። «ጋሼ» ትልህ ነበር። በዚያች ቃል ተጽናናሁ። ግጥምህን ስታነብ ግን ውስጡ ጋሼ የሚባል የለም።

ግጥሙን በስልክ ብትነግራት አይበቃም ወይ ብዬህ ነበር። አይበቃም አልኸኝ። በጆሮዋ ከሰማችው ያንተን አነባበብ ይዛ ትቀራለች፤ በጣቷ ካገኘችው ግን የራሷ ይሆናል። ስለዚህ በብሬል የጻፍኸውን ወረቀት በካርቶን መሀል አድርጌ፣ ፖስታው ላይ ስሟንና ስልኳን በእጄ ጽፌ፣ መናኸሪያ ሄጄ ለጎንደር አውቶብስ ረዳት እሰጥ ነበር። እኔ። ረዳቱ «ምንድን ነው ያለው?» ሲለኝ «ግጥም» አልሁት። «ግጥም ይሰበራል እንዴ፣ እንዲህ በካርቶን ያሸግሽው?» ብሎ ሳቀብኝ።

የሚሰበር አልነበረም። የሚነካ ነበር። አንተ በብረት እየወጋህ ያወጣሃቸውን ነጥቦች፣ እያንዳንዷን፣ የእሷ ጣት ይዳስሳታል። ከዚያ የእሷ ወረቀት በዚያው አውቶብስ ይመጣል፤ አንተ በጣትህ፣ ዓይንህን ወደ ጣሪያው አድርገህ፣ ቀስ ብለህ። ስትታጠብ የእሷን ስንኝ ስታጉረመርም ሰምቼሃለሁ። ፎጣ ሳቀብልህ ትተወዋለህ።

መጀመሪያ ያነበበችውን ታስታውሳለህ። እኔ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ከስልክህ የሴት ድምፅ ወጣ፦

ተረከዟ ሲመጣ ቤቴ ይሰፋል፤
ሲርቅ ግድግዳው እጄን ይገፋል።

ስለ እኔ ነበር። ስለ እኔ መሆኑን ወዲያው ነው ያወቅሁት፤ ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። ሰዎች ይህን ስነግራቸው፣ ለዘሀራ ብቻ ነው የነገርሁት፣ እና ታዲያ ምን ያስቀናሻል ይላሉ። የእኔ ተረከዝ ነው፤ የወጣው ግን ከእሷ አፍ ነው። አንተም ፈገግ ያልኸው ወደ ስልኩ ዞረህ ነው። ተረከዙ እዚህ፣ ከኋላህ፣ ሲሚንቶው ላይ ቆሞ።

ለምን ለእኔ አስቀድመህ አላነበብህልኝም ስልህ «የራስን ግጥም ማንበብ መስታወት ማየት ነው፤ እኔ ከመስታወት ጋር ምን አለኝ?» ብለህ ሳቅህ። እኔም ሳቅሁ። በሳቅ ሁልጊዜ ታሸንፈኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ሐሳብ ያዘኝና አለቀቀኝም። ሌላ ሚስት ከድምፅ ጋር ብትጋፋ መልክ አላት፤ ባሏ ስልኩን ዘግቶ ቀና ሲል ያያታል። አንተ መልኬን አይተኸው አታውቅም። ላንተ እኔም ድምፅ ነኝ። እጅ አለኝ፣ የሳሙና ሽታ አለኝ፣ ወጥ አለኝ ብዬ እቆጥር ነበር። ድምፅ ለድምፅ ሲሆን ግን እኩል ነን። እሷ ደግሞ መጨረሻው ላይ አትቸኩልም።

ኢንተርኔቱ የተቋረጠበት ጊዜ ትዝ ይልሃል። ከተማው ሁሉ ሲያማርር፣ ባንኩም ሱቁም ሲያለቅስ፣ እኔ ከሥራ ስወጣ እግሬ ይፈጥን ነበር። ቅዳሜ መጣ፤ አንተ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥህ፤ ስልኩ ዝም አለ። ያን ቀን ሐይቁ ዳር ይዤህ ሄድሁ። ዓሣ በላን። አጥንቱን ለይቼ በእጅህ አስቀመጥሁልህ። «ምን ይታያል?» አልኸኝ። የሐይቁን ወፎች፣ ፔሊካኖቹን ነገርሁህ፣ የጠፋውን የሰው ግርግር ነገርሁህ፣ ስናገርም መጨረሻው ላይ አልቸኮልሁም። አንተ ራስህን ነቀነቅህና «መቅደስ ይህን ብትሰማ» አልህ።

ዓሣው በጉሮሮዬ ቀረ። አላወቅህም። ወይም አውቀሃል። ሳሌን ሰምተህ ውሃውን ወደ እኔ ገፋኸው።

ሳል ያልሁት የእኔን ነው። ያንተው ሳል ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ሲጸናብህ አልጋ ላይ ሆነህ ሁለት ወረቀት ጻፍህ። ብረቱን የያዘው እጅህ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ወረቀቱ የሚገባበትን ሰሌዳ እኔ ያዝሁልህ። ነጥቦቹ አንድ በአንድ ሲወጡ በመዳፌ ሥር ይሰሙኝ ነበር። ምን እንደሚሉ አላውቅም። ስትጨርስ «ለመቅደስ ላኪላት፤ እንዳይታጠፍ» አልኸኝ። ከዚያ በኋላ ሌላም ተናግረሃል፤ ውሃ ጠይቀሃል፣ ስንት ሰዓት ነው ብለሃል። እኔ ግን የመጨረሻ ቃልህ ያ እንደሆነ አድርጌ ይዤዋለሁ። ለመቅደስ ላኪላት።

በዚያ ሳምንት የጎንደር መንገድ አይሠራም ነበር። ከዚያ አንተ ሄድህ። ድንኳን ተተከለ፤ ሰው ሁሉ ዕቃ እያነሣ ሲያወጣ ወረቀቶቹን ከነካርቶናቸው ፍራሽ ሥር ሸጎጥኋቸው። የሚከበር ነገር ፍራሽ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ የእናቴ የአንገት ሐብልም፣ የቤታችን ካርታም እዚያው ነው የኖሩት። ካርቶኑ መቼ ተንሸራትቶ እንደወጣ አላየሁም። ፍራሹ ለለቅሶው መሬት ላይ የተነጠፈው ነበር። የሟች ሚስት ነኝና እዚያው ላይ አስቀመጡኝ። ሴቶቹ እየመጡ አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይነሣሉ፤ ሌሎች ይተካሉ። እኔ አልተነሣሁም።

መንገዱ ተከፈተ። አልላክሁላትም። ይቅር በለኝ አልልህም፣ ሙሌ። እስክትነበብ ድረስ ገና ተናግረህ አልጨረስህም። አንድ ያልጨረስኸው ነገር ቤቴ ውስጥ እንዲኖር ፈለግሁ።

ሐሙስ ዕለት ራሷ መጣች።

ባጃጁ ሱቁ አጠገብ አወረዳት፤ እጇን ይዛ ያስገባቻት ዘሀራ ናት። ዘሀራ ከኋላዋ ሆና በዓይኗ ይህች ናት? አለችኝ። ይህች ናት አልኋት፣ እኔም በዓይኔ። መቅደስ ነጭ ዘንጓን አጥፋ «እትዬ ስንዱ፣ ለቅሶ ልደርስ ነው፤ ዘገየሁ» አለች። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው አይመለስም። መልኳን ልንገርህ? አልነግርህም። ይህ አንድ ነገር የእኔ ብቻ ይሁን።

አለቀሰች። ደረቷን አልመታችም፤ ጉልበቷን ይዛ ብቻ። ከዚያ ሻይ ይዛ፣ ቅዳሜ ንባቡ ላንተ መታሰቢያ እንደሚሆን ነገረችኝ። «ጋሼ አልጋ ላይ ሆኜ ጻፍሁ ብሎኝ ነበር» አለች። ነግረሃታል ለካ። እኔ መድኃኒት ልገዛ ስወጣ ይሆናል የደወልህላት።

ወረቀቶቹን አምጥቼ ጭኗ ላይ አደረግሁላት። ጣቷን አሳረፈች። ሄደች፣ ተመለሰች፣ ቆመች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እኔ እጇን እያየሁ ነበር፤ እጇ የምጣድ ያህል ሞቆ የነካኝ መሰለኝ።

«እትዬ፣ ነጥቦቹ ተኝተዋል» አለች። «ምን ተጫናቸው?»

«እኔ» አልኋት። «ለቅሶ ላይ። ተቀመጥሁባቸው።»

 ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንደገና የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው። «ጋሼ ይህን ቢሰማ» አለች። አንተም ትስቅ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን እኔ ልቀድማት ይገባኝ ነበር። እያበገነኝ አብሬያት ሳቅሁ።

ወረቀቱን ተቀብዬያት ወደ መስኮቱ ሄድሁ። ብርሃኑ በጎን ሲያገኘው ነጥቦቹ ይታያሉ። ለጣት ጠፍተው ለዓይን ቀርተዋል፤ የፈንጣጣ ጠባሳ ፊት ላይ እንደሚቀረው። ያየሁትን ልንገርሽ አልኋት። «ንገሪኝ» አለች፤ የአንድ ፊደል ነጥቦች የሚያርፉባቸውን ስድስት ቦታዎች በመዳፌ ላይ በጣቷ እየነካች አሳየችኝ። መዳፌን ነካችኝ። ያንተን ሰሌዳ የያዘውን።

እንዲህ ሆነን ዋልን። እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ «ግራ ላይኛው፣ ግራ መሀሉ፣ ቀኝ ታችኛው» እላለሁ፤ እሷ ፊደሉን ታነሣለች፣ ቃል ሲሞላላት ትናገረዋለች። ሁለታችን አንድ አንባቢ ሆንን። ቃሉ ግን ሁልጊዜ እሷ ጋ ቀድሞ ይደርሳል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ገና ምን እንደሆነ አላውቅም፤ በመሀል ያለችውን ያችን ትንፋሽ ያህል ጊዜ አንተ ከእሷ ጋር ነህ፣ እኔ ደጅ ነኝ።

የመጀመሪያው ወረቀት ስለ ደቅ ነበር። ዓይንህ ሳይጠፋ መጨረሻ ያየኸው ነገር፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣው የአባትህ የዓሣ መረብ። ይህን ነግረኸኝ ስለምታውቅ ቀድሜ ልጨርሰው ሞከርሁ። «መረቡ ላይ ዓሣ ተንጠልጥሏል» አልኋት። «የለም እትዬ» አለች። «ባዶ ነው ይላል።» አንተ ለእኔ ስትነግረኝ ዓሣ ነበረበት።

ሁለተኛው ወረቀት ላይ ስንደርስ መናገር ተወች። እኔ ነጥቡን እሰጣታለሁ፣ እሷ «ቀጥዪ» ትላለች፤ «ቀጥዪ» ብቻ። ሦስት አራት መስመር እንዲህ ሄድን። ከንፈሯ መንቀሳቀሱንም ተወ። ወረቀቱ ሲያልቅ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበችው።

«ምን ይላል?»

«እትዬ፣ ይህን እኔ አላነበውም። አንቺ ነሽ የምታነቢው።»

«ፊደሉን አላውቅም።»

«ቃሉን በጆሮሽ እነግርሻለሁ። አንቺ ለሰዎቹ ትዪዋለሽ።»

«ለማን ነው የጻፈው?»

«ስታነቢው ታውቂዋለሽ» አለች።

ጨካኝ ናት። ወይም ደግ ናት። እስካሁን አልለየሁም። ፊደሉን አስተምሪኝና ራሴ ላንብበው አልኋት። «እሺ» አለች፣ «መስቀል ላይ ትደርሺበታለሽ።» አንተም እንዲህ ነበር የምትመልስልኝ።

ከሐሙስ ጀምሮ የመጨረሻ ቃልህ ቤቴ ውስጥ ይዞራል፣ ሙሌ። ሽሮዬን ይበላል። መኝታ ቤት ይተኛል። ደረጃው በዝናብ ስለሚያንሸራትት እሷ ስትወርድ ክንዷን አጥብቄ እይዛለሁ፤ ብትወድቅ አብሮ ይወድቃል። ዘሀራ ይህን ከሱቋ አይታ «ባልሽንም እንዲህ አልያዝሽው» አለችኝ። እኔ ፈርቼ ነው። እሷ ውስጥ ያለው ለእኔ ከሆነ፣ ከእሷ አፍ ነው የምቀበለው፤ እንደ ሕፃን፣ ቃል በቃል እየተከተልሁ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ለእሷ ከሆነ ደግሞ፣ ባሌ ለሌላ ሴት የጻፈውን በገዛ ድምፄ ላነብላት ነው። ትናንት ጧት ወረቀቶቹን ይዤ ምድጃው አጠገብ ቆምሁ። እሳቱ እስኪያልቅ ቆምሁ። ቢቃጠሉም ምን ዋጋ አለው? እሷ በቃሏ ይዛዋለች።

አሁን ቅዳሜ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ አባርቷል። መቅደስ መኝታ ቤት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከፍታለች፤ እኔ ሳሎን ሆኜ ይህን እጽፍልሃለሁ። ሰዎቹ እየገቡ ነው። የእጅ ምልክቱን የሚያስተረጉመው ሰው ሰላም ሲል ሰማሁ፤ ያቺ በእጇ የምትገጥመዋ ሴት መጥታለች ማለት ነው። የወይጦው ልጅ ደግሞ «ይሰማል? ይሰማል?» ይላል። «እትዬ ስንዱ» አለች መቅደስ፣ «እየጠበቁን ነው።»

እነሱ ግጥሞችህን ያስታውሳሉ። ደህና ያስታውሱ፤ እሱን ለእነሱ ትቻለሁ። እኔ የማስታውስህ ለብቻዬ ነው። ብሬል የማያውቀውን፣ ወደ ስልክ የማይገባውን። ስትቆጣ የግራ ጆሮህን ጫፍ የምታሸውን። ጥፍርህን ስቆርጥልህ ትንፋሽህን የምትይዘውን። አገጭህ መዳፌ ውስጥ የነበረውን ክብደት። ይህን ለማንም አላጋራም፤ እስክመጣ ድረስ አንድም ሳልጥል እይዘዋለሁ። ይህን ቃል እሰጥሃለሁ።

«እትዬ» አለች እንደገና።

ተነሥቼ ሄድሁና ስልኩን ከእጇ ወሰድሁት።  አምጥቼ እዚህ፣ ይህ ወረቀት አጠገብ፣ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደገፍሁት። ፊቶቹ ሁሉ ጣሪያውን ያያሉ። «ወይዘሮ ስንዱ? ይሰማናል?» ይላሉ። አንድ ሰው ኔትወርኩ ነው ይላል። ይጠብቁ። አስቀድሞ እኔ ብቻዬን እሰማለሁ።

ሁለቱን ወረቀቶች ያዝሁ። መቅደስ ተረከዜን ሰምታ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ገባሁ። በሩን ዘጋሁት።